አንድ ቲሸርት 2,700 ሊትር ውኃ ይፈጃል ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ “አንድ የጥጥ ቲሸርት 2,700 ሊትር፣ አንድ ስኒ ቡና 130 ሊትር፣ አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ከ15,000 ሊትር በላይ ውኃ ይፈጃል ሲባል በየጊዜው እሰማለሁ። እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ? ውኃ ተንኖ ተመልሶ ይዘንብ የለም እንዴ? ታዲያ ጠፋ የሚባለው እንዴት ነው? ስልክና ኮምፒውተርስ? እውነት ከሆነ ደግሞ ምን መግዛት ልተው?”

ምላሽ፦

ቁጥሮቹን ማንም ከኪሱ አላወጣቸውም፤ የታወቀ ስሌት አላቸው። ችግሩ ስሌቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ውጤቱ ብቻ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ነው። 2,700 ሊትር ሲባል ብዙ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ቧንቧ ተከፍቶ ውኃው ሲንዠቀዠቅ ይታየዋል። እንዲያ አይደለም። ሙያዬ ይኸው የውኃ ሒሳብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቁጥር በየቀኑ ያጋጥመኛል፤ የሊትሩን ብዛት ካየሁ በኋላ ወዲያው የምጠይቀው የትኛው ውኃ እንደሆነ፣ ከየትኛው ተፋሰስ እንደተቀዳና በየትኛው ወቅት እንደሆነ ነው። ለእነዚህ መልስ ከሌለ ቁጥሩ ከማስደንገጥ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ሐሳቡ የተጀመረው በምግብ ንግድ ነው። ለንደን ውስጥ ያስተምር የነበረው ቶኒ አለን በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ያን ያህል ውኃ አጥተው እንዴት ሕዝባቸውን እንደሚቀልቡ ሲመረምር፣ ከውጭ ከሚገባው ስንዴ ጋር ስንዴውን ያበቀለው ውኃም አብሮ እንደሚገባ አሳየ። ይህንን ምናባዊ ውኃ አለው፤ በ2008ም የስቶክሆልም የውኃ ሽልማትን አገኘበት። ሆላንዳዊው አርየን ሁክስትራ በ2002 ነገሩን ወደ እያንዳንዱ ዕቃና ወደ እያንዳንዱ ተጠቃሚ አውርዶ የውኃ አሻራ የሚባለውን ስሌት አመጣ። ዛሬ የሚሰሟቸው አብዛኞቹ ቁጥሮች የእሱና የባልደረቦቹ ሥራ ናቸው፤ የተሰሉትም በአብዛኛው ከ1996 እስከ 2005 ባለው መረጃ ነው።

ስሌቱን በቲሸርቱ ላይ አብረን እንሥራው። አንድ ሚሊሜትር ውኃ አንድ ሄክታር መሬት ላይ ሲያርፍ 10,000 ሊትር፣ ማለትም 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። ጥጥ ከተዘራበት እስከሚለቀምበት ድረስ እንደየአየሩ ጠባይ ከ700 እስከ 1,300 ሚሊሜትር ውኃ ይፈልጋል። ዝቅተኛውን እንያዝ፦ 700 ሚሊሜትር በሄክታር 7,000 ሜትር ኩብ ነው። ከዚያ ሄክታር 2 ቶን ያልተዳመጠ ጥጥ ተለቀመ እንበል፤ ለአንድ ኪሎ 3,500 ሊትር ይደርሰዋል። ጥጡ ሲዳመጥ ግን ከክብደቱ ለፈትል የሚሆነው 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ፍሬ ነው። ፍሬው ለዘይትና ለመኖ ስለሚሸጥ የውኃውን ዕዳ መጋራት አለበት። በሚያወጡት ገንዘብ ልክ ተከፍሎ 80 በመቶው በተዳመጠው ጥጥ ላይ ይቆጠር ብንል፣ 2,800 ሊትር ለ350 ግራም ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ኪሎ 8,000 ሊትር ነው። በመፍተልና በሽመና የሚባክነው ጥጥ፣ ከዚያም ከማዳበሪያና ከቀለም የሚመጣው ብክለት ሲደመርበት ወደ 10,000 እንጠጋለን። የዓለም አማካይ ተብሎ የሚጠቀሰውም ለአንድ ኪሎ የጥጥ ጨርቅ 10,000 ሊትር ገደማ ነው። ሩብ ኪሎ ለሚመዝን ቲሸርት 2,500 ማለት ነው፤ እርስዎ የሰሙት 2,700ም ከዚሁ ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ያው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ዘር አግኝቶ፣ ተባዩንም በጊዜ ተከላክሎ በዚያው ውኃ ከሄክታሩ 4 ቶን ቢለቅም፣ ቲሸርቱ የሚሸከመው የእርሻ ውኃ በአንድ ጊዜ በግማሽ ይወርዳል። ከወንዙ ግን አንድ ጠብታ አልተረፈም። በተቃራኒውም በዝናብ ብቻ የሚያርስ ደካማ ገበሬ ምርቱ ሲያንስበት፣ ከማንም ጉድጓድ ሳይቀዳ ቁጥሩ ተቆልሎ ይወጣል። እንግዲህ “ትልቅ ቁጥር” እና “ትልቅ ጉዳት” ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ይህን የማይነግር ዘገባ ባነብ ቁጥሩን አልፈዋለሁ።

ወደ ውኃው ዓይነት እንምጣ። በሙያው ሦስት ቀለም እንሰጠዋለን። አረንጓዴ የምንለው ዘንቦ አፈር ውስጥ የቀረውንና ተክሉ የሚመጥጠውን ነው። ሰማያዊ ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከከርሰ ምድር ተቀድቶ ወደ መነሻው ያልተመለሰው ነው። ግራጫው ከሁለቱ ይለያል፤ የወጣው ቆሻሻ ጉዳት እስከማያደርስበት ደረጃ ድረስ እንዲቀጥን ስንት ውኃ ያስፈልግ ነበር ተብሎ በወረቀት ላይ የሚሰላ መጠን ነው። በጥጥ ጨርቅ ላይ የዓለም አማካዩ 54 በመቶ አረንጓዴ፣ 33 በመቶ ሰማያዊ፣ 13 በመቶ ግራጫ ነው። ከ2,500 ሊትሩ 1,350 ያህሉ የጥጥ ማሳው ላይ የዘነበ ዝናብ ነው ማለት ነው። በዚያ መሬት ጥጥ ባይዘራ ሣርም ይሁን ዛፍ አብዛኛውን ይጠጣው ነበር። አረንጓዴ ውኃ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ መሬቱ ምግብ ሊያበቅል ወይም ደን ሊሆን ይችል ነበርና እሱን የሚመዝን ሌላ ሒሳብ አለ። የወንዝ መድረቅን ስንናገር ግን የምናየው 825 ሊትር ገደማ የሆነውን ሰማያዊውን ነው። ለእኔ እውነተኛው ክርክር ከዚህ ይጀምራል።

825 ሊትሩም ቢሆን የት እንደተቀዳ ካልታወቀ አይፈረድበትም። ዝናብ በሚበዛበትና ወንዙ ሞልቶ ወደ ባሕር በሚፈስበት አገር በመስኖ የሚጨመር ውኃ ማንንም ላይነካ ይችላል። በማዕከላዊ እስያ የሆነው ግን ሌላ ነው። የአራል ባሕር በ1960 በስፋቱ ከዓለም ሐይቆች አራተኛ ነበር። የሚመግቡት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ አሙ ዳሪያና ሲር ዳሪያ። የሶቪየት መንግሥት ሁለቱንም በበረሃው ላይ ወደ ተዘረጋው የጥጥ እርሻ ጠለፋቸው። ቦዮቹ አብዛኞቹ በአፈር የተቆፈሩ ስለነበሩ ከውኃው ብዙው ጥጡ ጋ ሳይደርስ ይሰርግና ይተን ነበር። በ2007 ሐይቁ ከመጀመሪያ ስፋቱ 10 በመቶ ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። የዓሣ ወደብ የነበረችው ሞይናቅ መርከቦቿ አሸዋ ላይ ቀሩ፤ ከደረቀው ወለል የሚነሣው ጨውና የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ያለበት አቧራም የአካባቢውን ሕዝብ ጤና አቃወሰ። ካዛኪስታን በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2005 የኮክ አራልን ግድብ ከጨረሰች በኋላ ሰሜኑ ክፍል በመጠኑ አገግሟል፤ ደቡቡ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ተፋሰስ በተለቀመ ጥጥ የተሠራ ቲሸርትና በዝናብ በበቀለ ጥጥ የተሠራ ቲሸርት በጠቅላላ ሊትር ቢመዘኑ ተቀራራቢ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ።

“ተመልሶ ይዘንብ የለም እንዴ?” ያሉት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሚገባውን ያህል ሲመለስ ግን አላየሁም። አዎ፣ ይዘንባል። ውኃ በእንፋሎት መልክ አየር ላይ የሚቆየው በአማካይ ዘጠኝ ቀን አካባቢ ነው። በምድር ላይ ያለው የውኃ መጠን በቲሸርት አይቀንስም። ጥያቄው የሚወርደው የት ነው የሚለው ነው። ከጥጡ ቅጠል የተነነው ውኃ ነፋስ በወሰደው አቅጣጫ ሄዶ ምናልባት ባሕር ላይ ይወርዳል፤ ለተቀዳበት ወንዝ ግን ሄዶ ቀርቷል። ከሥር ያለው ከተማ፣ ዓሣውና ረግረጉ በዚያ ዓመት የሚያገኙት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በስሌታችን “ተፈጀ” የምንለው ከተፋሰሱ የወጣውን ነው። አንድ የኃይል ማመንጫ ለማቀዝቀዣ ብዙ ውኃ ቀድቶ ሞቅ አድርጎ ወደዚያው ወንዝ ቢመልሰው ቀዳ እንጂ ፈጀ አይባልም። ሁለቱን የሚያምታታ ጽሑፍ ብዙ ነው። ከወንዝና ከከርሰ ምድር በዓለም ከሚቀዳው ውኃ 70 በመቶ ያህሉ ለእርሻ ነው፤ እርሻ ደግሞ የቀዳውን ከኢንዱስትሪ በበለጠ ወደ አየር ይለቃል።

የከርሰ ምድር ውኃ ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል። በአሜሪካ ታላላቅ ሜዳዎች ሥር ያለው የኦጋላላ የውኃ ክምችት ለጥጥ፣ ለበቆሎና ለከብት መኖ ሲመጠጥ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በቴክሳስና በካንሳስ አንዳንድ ሥፍራዎች ጉድጓዶቹ ከዓመት ዓመት እየጠለቁ ሄደዋል። ዝናቡ የሚተካው ከሚቀዳው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ እዚያ “ተመልሶ ይዘንባል” የሚለው መጽናኛ ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚበቃ አይደለም።

የግራጫው ነገር በቁጥር ሲታይ ትንሽ ስለሚመስል ይታለፋል። አንድ ኪሎ የጥጥ ጨርቅ ለማንጣት፣ ለማቅለምና ለማለቅለቅ ከ100 እስከ 150 ሊትር ውኃ እንደሚያስፈልግ ይገመታል። ለቲሸርታችን ቢበዛ 40 ሊትር ቢሆን ነው፤ ከ2,500ው ጋር ሲነጻጸር ከቁብ የሚገባ አይመስልም። ነገር ግን ይህ ውኃ በጨው፣ በማቅለሚያና በአልካሊ ተሞልቶ ካልተጣራ በቀጥታ ወደ አንድ ወንዝ፣ በአንድ ቦታ፣ በየቀኑ ይለቀቃል። ከፋብሪካው በታች ለሚኖር ሰው የሚያሰጋው ከሩቅ ማሳ የተነነው ሺህ ሊትር ሳይሆን ይሄ አርባው ነው። በቆዳ ፋብሪካም እንደዚያው ነው። ለአንድ ኪሎ ቆዳ የሚጠቀሰው 17,000 ሊትር ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ ከብቱ የበላው መኖ ውኃ ነው፤ በክሮም የሚለፋው ቆዳ የሚያወጣው ፍሳሽ በዚያ ቁጥር ውስጥ ብዙ አይታይም። እንዲያውም ቆዳው ለሥጋ የታረደ እንስሳ ትርፍ ስለሆነ ውኃው በሥጋው ላይ ይቆጠር የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም።

ቡናው። ለአንድ ስኒ 7 ግራም የተቆላ ቡና ቢገባ፣ ለአንድ ኪሎ ወደ 18,900 ሊትር የሚለው የዓለም አማካይ ለስኒው 130 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ዝናብ ነው። በቡናዎ ውኃ የተነሣ ምንም አይጨነቁ፤ የቡና ጭንቀት ካለ እሸቱ ሲታጠብ ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው።

ሥጋው ግን ሰፋ ያለ ነገር ነው። ለአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ 15,400፣ ለአሳማ 6,000፣ ለዶሮ 4,300 ሊትር ገደማ ይጠቀሳል። ከብቱ የሚጠጣው ውኃ ከዚህ ውስጥ አንድ በመቶ አካባቢ ነው፤ 98 በመቶው የመኖው ነው። እዚህም ቢሆን በዝናብ በበቀለ ግጦሽ ላይ የዋለ በሬ ቁጥሩ ግዙፍ ሆኖ ወንዝ ላይነካ ይችላል፤ በረሃ ውስጥ በመስኖ በለማ አልፋልፋ የተቀለበው ግን ወንዙን ይጠጣል። እንደዚያም ሆኖ ከአማካይ ሰው የውኃ አሻራ 92 በመቶው ከእርሻ ውጤት የሚመጣ ስለሆነ፣ የአንድ ቤተሰብን አሻራ በትልቁ የሚያንቀሳቅሰው ሳህን ላይ የሚቀርበው ነው። ልብስ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ገላ መታጠቢያው ደግሞ ከሁለቱም በኋላ፣ በሩቅ ይከተላል።

የታሸገ ለስላሳ መጠጥ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ደስ ይለኛል። በ2011 የወጣ ነው፤ ሁክስትራም ከአጥኚዎቹ አንዱ ነበር። በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ስኳር ያለው መጠጥ ሲያሰሉት ከ170 እስከ 310 ሊትር ደረሰ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ ግማሽ ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ማለት ይቻላል በሙሉ ከስኳሩና ከሌሎቹ ቅመሞች እርሻ የመጣ ነው። ልዩነቱንም ያመጣው ስኳሩ ከሸንኮራ ነው፣ ሹገር ቢት ከሚባለው የቀይ ሥር ዘመድ ወይስ ከበቆሎ፣ በየትኛውስ አገር በቀለ የሚለው ነው። ሰው ግን የሚቆጣው በጠርሙስ ፋብሪካው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ በደረቅ መንደር መሐል ከተቆፈረ ቁጣው ተገቢ ነው፤ ስለ መጠጡ ጠቅላላ ውኃ ከሆነ የምናወራው ግን መታየት ያለበት የሸንኮራው ማሳ ነው።

ስልክና ኮምፒውተር ላይ በየቦታው የሚዘዋወሩት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ አንዱን መርጬ አልሰጥዎትም፤ ውኃው የሚገባበትን መንገድ ማወቅ ይሻላል። ቺፕ፣ ማለትም የስልኩና የኮምፒውተሩ አእምሮ የሆነው ትንሽ የሲሊከን ቁራጭ፣ ሲሠራ የሲሊከኑ ገበታ በየደረጃው ይታጠባል፤ የሚታጠብበትም ውኃ አንዳች ማዕድን እንዳይቀርበት ተደርጎ እጅግ የተጣራ ነው። ፋብሪካዎቹ ብዙውን መልሰው ይጠቀሙበታል። የሚፈጁት ከእርሻ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ግን ሁሉም ፍላጎት ጥቂት ቦታ ላይ ተከማችቷል። በ2021 ታይዋን ከ50 ዓመት በላይ ያልታየ ድርቅ ሲገጥማት የቺፕ ፋብሪካዎች ውኃ በቦቴ ያስመጡ ነበር፤ መንግሥት ደግሞ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሄክታር የሩዝ ማሳ መስኖ ዘግቶ ለገበሬዎቹ ካሣ ከፈለ። ያን ዓመት የተሠራ ቺፕ ካለፈው ዓመቱ የበለጠ ሊትር አልፈጀም፤ ከማን እንደተወሰደ ግን ተለየ።

ለባትሪ የሚሆነው ሊትየም ደግሞ የውኃ ሒሳብ ባለሙያዎችን ያጨቃጭቃል። በቺሊ የአታካማ የጨው ሜዳ ከመሬት ሥር ጨዋማ ውኃ ተስቦ በሰፋፊ ገንዳዎች ከዓመት በላይ ለፀሐይ ይሰጣል። ከባሕር ውኃ በብዙ እጥፍ ጨዋማ ስለሆነ አይጠጣም፣ አያጠጣም፤ ስለዚህ “ውኃ” ብለው የማይቆጥሩት አሉ። እኔ ይቆጠር ባይ ነኝ። ጨዋማው ሲቀንስ በሜዳው ዳርቻ ያለው ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ወደ መሐል ሊሳብ ይችላል፤ የፍላሚንጎዎቹ ኩሬዎችና የአካባቢው መንደሮች ደግሞ በዚያው ዳርቻ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ምን ይተዉ? ጥጥን በአጠቃላይ ተዉ አልልዎትም። ፖሊስተር ከጥጥ ጋር ሲወዳደር ውኃ አይፈጅም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከነዳጅ ነው የሚሠራው፣ በታጠበ ቁጥርም ደቃቅ ፕላስቲክ ይለቃል። ባለዎት ልብስ መቆየት ከሁሉም ይሻላል፤ ሁለት ዓመት የሚለበሰው ቲሸርት አራት ዓመት ቢለበስ አዲስ ተክል፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ፋብሪካ ሳያስፈልግ የዓመቱ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። አጠባውንም አይርሱ። ሊቫይስ ኩባንያ በ2015 ባወጣው የራሱ ጥናት አንድ ጂንስ ከጥጡ እርሻ እስከሚጣልበት ቀን 3,781 ሊትር ይፈጃል፤ 68 በመቶው ጥጡን በማልማት፣ 23 በመቶው ደግሞ ባለቤቱ ሲያጥበው ነው። ጂንስን ሁለት ቀን ለብሶ የሚያጥብ ሰው በእጁ ያለ ነገር አለ ማለት ነው። (ጂንስ 8,000 ሊትር ይፈጃል የሚለውን ሰምተው ከሆነ፣ ልዩነቱ በዋናነት ዝናቡ ተቆጠረ ወይስ አልተቆጠረም በሚለው ነው።)

ምግብ ላይ ከሥጋው ቀጥሎ የማነሣው ብክነትን ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 ባወጣው ግምት፣ ተመርቶ የሚባክነው ምግብ በዓመት የሚወስደው ሰማያዊ ውኃ ብቻ 250 ኪሎ ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ የጄኔቫ ሐይቅን ሦስት እጥፍ ያህላል። ይህ ዝናቡን ሳይጨምር ነው።

ከካርቦን ጋር የሚያመሳስሉ ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የትም ቢለቀቅ የትም ቢቀነስ ለከባቢ አየር ያው ነው። ውኃ እንዲያ አይደለም። በቤትዎ የሚቆጥቡት ሊትር የቤትዎን ተፋሰስ ይጠቅማል፤ ጥጡ የበቀለበትን ወንዝ አይሞላም። “የተጠቀምነውን ውኃ በሙሉ መልሰናል” የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ የመለሱት ከቀዱበት ተፋሰስ ውስጥ ነው ወይስ ሌላ አህጉር ላይ ዛፍ ተክለው ነው ብለው ይጠይቁ።

ልብስ ላይ የሚለጠፈው “90 በመቶ ያነሰ ውኃ” የሚለው ምልክትም እንዲሁ መነበብ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ መጨረሻው ሂደት ነው፤ ጂንሱ እንዲለሰልስና ያረጀ እንዲመስል ስለሚታጠብበት። እዚያ የሚፈሰው 40 ሊትር ነው ብንልና 90 በመቶው ቢቀር 36 ሊትር ተረፈ። 800 ግራም ለሚመዝነው ጂንስ የጥጡ ሰማያዊ ውኃ በአማካይ ከ2,600 ሊትር በላይ ነው፤ ምልክቱ ስለዚያ ዝም ብሏል። 36 ሊትሩ ውሸት አይደለም፣ ፋብሪካው ባለበት ከተማም ይጠቅማል። ኩባንያውን የሚጠይቁት ጥጡ ከየት አገርና ከየትኛው ተፋሰስ እንደመጣ፣ በዝናብ ይሁን በመስኖ እንደበቀለ፣ የማቅለሚያው ፍሳሽም ተጣርቶ እንደሚለቀቅ ነው። የጥጣቸውን ምንጭ እስከ ተፋሰሱ ድረስ መናገር የሚችሉ ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው፤ ጥጡ በየመዳመጫውና በየፈትል ፋብሪካው ከየአገሩ ስለሚቀላቀል ብዙዎቹ ራሳቸውም አያውቁትም።